ገጽ ሰባት

ከሬጅስትራሩ ጀርባ፣ ፀሐይ በማትገባበት፣
ሃያ ሁለት ዓመት ኖርኩ፣ የሰው ድካም ሳሽግበት።
ሥራዬ ፋይል ማውጣት፣ ፋይል መክተት፣
ማኅተሙን በትንፋሼ አርጥቤ መምታት።
ማኅተም እንደ ሰው ነው፤ ቀለሙ ሲደርቅበት
ጥቂት ሙቀት ይሻል፣ «ሃ» ብለው ሊሉበት።

ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ
ባንችአምላክ መጣች፣ ጫማዋ ጭቃ፣ ፊቷ ርጥብ።
አዋላጅ ናት፣ አዘዞ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፤
በእጇ ላይ ከጮኹት ዛሬ ፊደል የሚቆጥሩ አሉ።

«ጀርመኖች ጠሩኝ» አለች፣ «ከጠሩኝ በኋላ ጠየቁ፣
ትምህርቴ ከነሱ ጋር እኩል መሆኑን እንዲያውቁ፤
የኮርሱን ዝርዝር በየሰዓቱ፣ የተግባሩን በየቀኑ፣
ማን እንዳስተማረኝ፣ የፈተኑኝስ በምን እንደመዘኑ።
ሁሉም በታሸገ ፖስታ፣ ማኅተሙ አፉ ላይ።
ስለ እኔ ነው የሚያወራው፤ እኔ ግን እንዳላይ።»

ፋይሏን አወጣሁት። ክሩ ላልቷል፣ ጠርዙን ምስጥ ቀምሶታል።
አምስት አለ። ስድስት አለ። ስምንት አለ። ሰባት የታል?
የማዋለድ ልምምዷ ነው፤ ሰዓቱ፣ ቀኑ፣ ፊርማው።
ከሁሉ አብልጣ የምታውቀው፤ ከሁሉ ቀድሞ የጠፋው።

ልንገራችሁ እንግዲህ፤ ጡረታዬ ደርሷል፣ ማንን እፈራለሁ?
የጥራት ገምጋሚዎች ሊመጡ ሰሞን ምን እንደሠራን አውቃለሁ።
የሦስት ዓመት ቃለ ጉባኤ በአንድ ሌሊት ጻፍን። አምስት ነበሩ
እስክሪብቶዎቹ፣ የአንድ ቀን ሥራ እንዳይመስል ነገሩ።
ያልተጠራ ሰው «ተስማምቷል»፤ የሞተ መምህር «ተገኝቷል»፤
እጄም ፈርሟል። አፌ ዝም ብሏል።
ገምጋሚዎቹ ገለጡ፣ ቆጠሩ፣ በቀለም አሰመሩ፤
አንድም ገጽ አልጎደለም። «የተሟላ» ብለው መሰከሩ።

አባቴ ከስማዳ በእግሩ መጥቶ በአታ አቋቋም ሲማር
ዘጠኝ ክረምት ቆየ። ሲመረቅ ወረቀት አልነበር።
በሄደበት ደብር ሁሉ «የማን ተማሪ ነህ?» ይሉታል፤
የመምህሩን ስም ሲጠራ፣ «እንኪያስ ተነሥ» ብለው መቋሚያ ያቀብሉታል።
ስም ሰርቆ የሚዞርም ነበር፤ አልዋሽም፣ ያኔም ሌባ አለ፤
ግን ሽብሸባው ሲጀመር እግሩ መሰከረበት፣ ይኸው ተሰናከለ።

ባንችአምላክንስ ማን «ተነሺ» ይበላት? እጇ ፖስታ ውስጥ አይገባ።

የልጅ ልጄ በእግሯ ስትመጣ፣ ጀነሬተሩ ነዳጅ አልቆበት፣
ይህችው ሴት ስልኳን በጥርሷ ነክሳ፣ በዚያ ብርሃን ሠራችበት።
ማንም ሰዓት አልመዘገበም። እኔ ውጪ ቆሜ ቆጠርኩ፤
አርባ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ ለቅሶ። ግድግዳውን ታክኬ ቁጭ አልኩ።

አምስቱ እስክሪብቶዎች ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አሉ፤
«ለውሸት የታዘዝን፣ ለእውነት ብንታዘዝስ?» የሚሉ ይመስላሉ።
ሰማያዊውን አነሣሁ። «ጋሽ አዛናው፣ ተው።
አንድ ቀን ሲነቃ፣ ከኋላዬ ላሉት በር የሚዘጋው ይኼ ነው።»

ስለዚህ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ገጹ እኛ ዘንድ ጠፍቷል። ጥፋቱ የኛ ነው።
የሠራችውን ሰዓት አላውቅም፤ አንዱን ሌሊት ግን ምስክሩ እኔ ነኝ፤ አርባ ሁለት ደቂቃ ነው።
ካላመናችሁ አስነሷት፤ አሠሯት፤ እዩ።»
ማኅተሙን «ሃ» አልኩበት። ፖስታውን በጃኬቴ ሥር ሸሸግሁ፣
በዝናብ እስከ ፒያሳ ራሴ ይዤው ወረድሁ።

መስከረም ጠባ። መልስ የለም። እሷ አዘዞ ተረኛ ናት።
እኔ ሦስተኛውን መደርደሪያ ጨረስኩ፤ ገጿን ግን አላገኘሁላት።
የሌላ ሰው ገጽ ሰባት ከሥር ተለጥፎ አገኘሁ፤
ስሙን ምስጥ በልቶታል። ጠረጴዛዬ ላይ አኑሬ እጠብቃለሁ።