ያገለገለ

የእጅ ጌም፣ በስልሳ ሸቀል፣ ከያፎ ገበያ፣
ከዛገ ቁልፍ ክምር፣ ከአሮጌ መጫሚያ።
«ይሠራል» አለ ሻጩ ማብሪያውን ሳይነካ፤
እኔም ዝም አልኩት፤ ለካ
የአሥር ዓመት ልጅ ፊት ሲበራ በደስታ
ክርክር ያፍራል ላፍታ።

ባቡሩ ቂርያት ጋት እስኪደርስ አልለቀቀም፤
ቁልፉን መቶ ጊዜ ተጫነ፤ አልነቃም።
«ባትሪው ነው፣ ኢማ» አለኝ። አዲስ ገዛን፣ አራት።
ያው ጨለማ፣ ያው ዝምታ፣ ያው መስታወት።

የራት ሰሃን አንስቼ፣ ነጭ ፎጣ ዘርግቼ፣
ስድስት ትንንሽ ብሎን አንድ በአንድ ፈትቼ
በእንቁላል መያዣ ላይ በተራ አስቀመጥኩ፤
(ስድስተኛዋ ጠፋች፤ ፍሪጁ ሥር ፈለግኩ።)
ጀርባው ሲከፈት፣ አረንጓዴ ሻጋታ፦
የድሮ ባትሪ አልቅሶበት ኖሯል በዝምታ።
በኮምጣጤ ጠብታ፣ በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ
አሸሁት፣ ከሥሩ ነሐሱ እስኪገለጥ።

ቀዩ መብራት በራ። ስክሪኑ ግን ገና
በቁም ተሸንትሯል፤ መሃሉ ጠፍቷልና
የሚሮጠው ሰውዬ እዚያ ሲደርስ ይሰወራል፣
ከወዲያ ማዶ ደግሞ እንደገና ይፈጠራል።

መበየጃዬን አወጣሁ።
አሥራ አንድ ዓመት ፋብሪካ፣ በአጉሊ መነጽር ሥር፣
ከጸጉር የቀጠነ ሽቦ ስበይድ ስቆጥር
ስሜ «ሰባተኛው ወንበር» ነበር።
አባቴ ጀምበሩ ወገራ ሳለ ብረት ቀጥቃጭ ነው፤
ቀን ማረሻውን ይዞ ደጁ የሚሰለፈው
ማታ ልጁን ደብቆ «ጅብ ይሆናል» ይላል።
ይኼን ለአቪየል ገና አልነገርኩትም፤ ይቆያል።
የነገርኩት አንድ ነው፦ እሳት አይጣደፍም፤
ሙቀት ሲያንስ አይይዝም፣ ሲበዛ አይተርፍም።

ትንፋሹን ውጦ አየ። ጫፉን ነካ አደረግኩ፤
እርሳሱ አብረቀረቀ፣ ፈሰሰ፣ ረጋ። እፍ አልኩ።
ሰውዬው መሃል ደረሰ፤ አልጠፋም፤ ሮጠ።
አቪየል በደስታ ጣሪያ ሊነካ አመለጠ፣
ሲወርድ፣ ያቺ ብሎን
ወጋችው ተረከዙን።

ከዚያ ስም መጣ፤ «ኢታይ»።
ሠላሳ ሰባት ሰዓት ተጫውቷል፤ የቀረው አንድ በር፣ ከላይ።
ማስቀመጫው አንድ ነው። አዲስ ከጀመርን፣ የርሱ ይጠፋል።
አቪየል አውራ ጣቱን አንስቶ ያስባል።
«አሁን ትልቅ ሰው ነው፣ ኢማ?»
«ይሆናል።»
«ወታደር?»
«ይሆናል።»
«ታዲያ በሩን ሳይከፍት ለምን ሸጠው?»
መልስ ፈለግኩ፤ ፍሪጁ ብቻ ነው የሚያጉረመርመው።

ካቆመበት ቀጠለለት። በሩ ጋ ሲደርስ ወደቀ፤
«ይቅርታ፣ ኢታይ» አለ፤ አንድ ልብ አለቀ።
ነገ ትምህርት አለ። አምስቱን ብሎን አስሬያለሁ፤
ስድስተኛዋ መዳፌ ውስጥ ሞቃለች፤ እጠብቃለሁ።