ሦስተኛው ስንኝ ላይ

ሦስት መቶ መኪና ባንድ ላይ ሲያጓራ
ማንም ሰው አይሰማም ጎረቤቱ ሲጠራ፤
እኔ ግን እዚያ ነው ድምፄን የማወጣ፣
ማን ሰምቶ ሊታዘብ፣ ማን ሰምቶ ሊቆጣ።
መወርወሪያው ሄዶ ሲመለስ ከዳር ዳር
እሱ ምት ይሰጠኛል፣ እኔ ቃል ስደረድር፤
ክር ሲበጠስ ብቻ ዜማዬም ይቆማል፣
ቋጥሬ እስክመለስ ቃሉ ከንፈሬ ላይ ይከርማል።

ሁለት ክረምት አልፎ አሥራ አንድ ሆኑልኝ፤
በጉድለት መዝገብ ላይ ከጀርባው ሰፈሩልኝ፤
ፊት ለፊት «ቀዳዳ»፣ «ዘይት የነካው»፣ «ክር ዝላይ»፣
ገልበጥ ሲያደርጉት «ቦርከና ምን አልኩህ» ይላል ከላይ።
አለቃዬ ቢያየው ከደሞዜ ይቆርጣል።
(አንዱን ግን አይቶታል። አንብቦ ዝም ብሏል።)

ቴፕ ከነካሴቱ ከዘምዘም ተውሼ እሑድ ማታ
ብርድ ልብስ ተከናንቤ ቀዳኋት በሹክሹክታ፤
ሦስተኛው ስንኝ ላይ ወረድ ነው የምለው፣
ሰው ከፍ በሚልበት አንገቴን የምደፋው።
እዚያች ላይ ነው ልቤ፣ እዚያች ላይ ነው ጉዴ።
ሰኞ ካሴት ይዤ ሆነ ወደ ደሴ መንገዴ።

ሐረጎን ስንወጣ ጉም መስታወት ላሰ፣
ሾፌሩ መብራቱን በቀን ለኮሰ፤
እኔ ካሴቲቱን እንደ እንቁላል ይዤ
«እንደምን አደሩ»ን ሳጠና ፈዝዤ።

ፒያሳ፣ መድኃኒት ቤቱ ጎን፣ ባለ ሰማያዊው በር፤
አቶ አበጋዝ ውስጥ ብር ሲቆጥሩ ነበር።
ካሴቱን ከተቱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣
አሥራ ሁለት ስቆጥር ድምፄን እዚያው አነቁ።
ቆጠራ ከመኪናው የተማርኩት ጉዳይ፤
ያቺ ሦስተኛ ስንኝ ያለችው አሥራ ስምንት ላይ።

«ማን ሊዘፍነው?» አሉኝ። «እርስዎ ሰው ካለዎት።»
«ምኑ?» «ባቲ ነው።» «ባቲ ምን ገባበት?»
«መኪና» አልኩ። ዝም አሉ። «ሥራሽስ ምንድን ነው?»
«ጨርቃጨርቅ።» «ዘፈኑን ታዲያ ማን አዘዘው?
የሠርግ ካለሽ አምጪ፣ ሠርግ ነው የሚሸጠው፤
አለዚያ አዲስ አበባ ለታወቀ ሰው ስጪው፤
ግጥሙ ላይ ያለውን ቦርከናንም አውጪው፤
ማን ያውቀዋል ወንዙን? ዓባይ ብለሽ ቀይሪው።»
ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሻይ እንኳ አዘዙልኝ፤
ያመጣው ትንሽ ልጅ ነው፣ ያለ ስኳር ያማሰለልኝ።

«ይቆይ» አሉና ጣሉት ከሳሙና ካርቶን ውስጥ፤
ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ ሞልቷል፣ የማይደመጥ፤
«ይማም፣ ከመርሳ»፣ «ብርቄ፣ ከሐይቅ፣ ሁለተኛ ጊዜ»፣
በቀይ እስክሪብቶ «አደራ ይስሙልኝ፣ ይህ ነው የኔ ትካዜ»።
ለካ ስንቱ ኖሯል፣ ሌሊት በየጣሪያው ሥር፣
ብርድ ልብስ ተከናንቦ ከቴፕ ጋር የሚማከር።

በሦስተኛው ሳምንት ለካሴቱ ተመለስኩ፤
ዘምዘም ትፈልገዋለች፣ አደራ ነው እያልኩ፤
በጀርባው የልጇ ሠርግ ተቀድቶበታል።
(ሠርግ ይፈልጉ ነበር፤ ቢገለብጡት ሞልቷል።)

አቶ አበጋዝ የሉም። ያ ሻይ የሚያመላልሰው
ልጅ ነው፣ ወንበር ላይ ቆሞ መስታወት የሚወለውለው።
ጀርባው ነው ወደኔ፤ ያዜማል በለሆሳስ፣
እጁ በምት ሲሄድ፣ እጁ በምት ሲመለስ፤
የኔ መኪና ነው፣ መወርወሪያው ነው ያ፤
ቦርከናም አለበት፤ አልተነሣም ከዚያ።
ምናልባት ማታ ማታ፣ ጌታው ከወጡ ኋላ
ካርቶኑን ከፍቶ ይሰማል፣
የይማምንም፣ የብርቄንም፣ የኔንም፣ የሌላ።

መሬት ከዳኝ ልበል? ውሸት ነው፤ ቆሜያለሁ፤
ጥጥ አለ ሻሼ ላይ፣ እሱን እለቅማለሁ።

ሦስተኛው ስንኝ ላይ ደረሰ።
ከፍ አለ።
እንደ ሰው ሁሉ ከፍ አለ።

«ተው!» አልኩት ሳላስብ፤ «እዚያች ላይ አትውጣ፤
ዝቅ በል፣ ዝቅ፤ ቃሏ ከታች እንድትመጣ።»

ደንግጦ ዞረና፣ ከወንበሩ ሳይወርድ፣
ሞከራት እንዳልኩት፣ ቀስ እያለ፣ እንደ ቁልቁል መንገድ።
ሆነችለት። ሳቀ። ቆየና፣ እንደ ባለቤት፣
ቅንድቡን ሰብስቦ፦
«ግን ይቺን ዘፈን አንቺ ሰማሻት ከየት?»