ስድስተኛው ቁልፍ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሮተርዳም በዝናብ፣
ቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ፣ ጠረጴዛው ጠባብ፤
ከበውኝ ተቀምጠው አራት የእድር ሰዎች፣
አንዱም ኮድ አያውቅም፣ ሁሉም ባለጉዳዮች።

«አንተ ልጅ፣ አደራ» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ፣
«ጽፈን የምንለጥፍበት ይገኝ አንድ መንገዱ፤
ያ ያሳየኸን ቅንፍ፣ ያ ሾጣጣ ምልክት፣
ለኔ የእሾህ አጥር ነው፤ አልገባም ከዚያ ቤት።»

ሦስት ኤዲተር ይዤ ነበር።

የመጀመሪያው መጣ አርባ ቁልፍ ደርድሮ፣
እንደ አውሮፕላን መሪ ከላይ ተወጥሮ፤
አቶ ሽብሩ አይተውት መነጽር ወለወሉ፣
«ይሄን የሚያበረው ካፒቴኑ የታል?» አሉ።

ሁለተኛው ንጹሕ ነው፣ ሲያዩት ደስ ያሰኛል፤
ከዎርድ የተቀዳ ሲለጠፍበት ግን ያብዳል።
ይርገዱ የቀብር ማስታወቂያ ገልብጠው ቢያኖሩ፣
ፊደሉ ግማሹ ገዝፎ፣ ግማሹ ኮስሶ፣ መስመር ከመስመሩ
ተጋጭቶ፣ አራት ነጥቡ ሁሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ወጣ።
«ሟች አንድ፣ ሣጥን ሃያ! ይሄስ ጉድ ከየት መጣ?»
ሳቅን።
ሳቃችን ብዙ አልቆየም፤
ሟቹን ሁላችንም እናውቀው ነበር።

ሦስተኛው አምስት ቁልፍ፦ ማድመቂያ፣ ርእስ፣ ፎቶ፣
አገናኝ፣ እና ያቺ ጠምዛዛ ቀስት፣ የጠፋውን አምጥቶ
መላሿ። ሌላ የለም።
ቀለሙን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ አውቄ፣
ስንት ገጽ እንደ ሠርግ ድንኳን ሲዥጎረጎር አይቼ፣ ተሳቅቄ።

ወይዘሮ ይርገዱ ጻፉ። አጠፉ። ቀስቷን ነኩ። ተመለሰ።
እንደገና አጠፉ፤ ገጹ እንደገና ለበሰ።
«ይቺስ ትሁን» አሉ፤ «ስሳሳት አትስቅብኝም፣
እንደ ልጆቼ ‹እማዬ፣ ተይው በቃ!› አትለኝም።»

ጨረስሁ ብዬ ኮምፒውተሬን ልከድን ስል፣
አቶ ሽብሩ እጃቸውን አነሡ፣ እንደ ተማሪ፣ ከወንበሩ መሐል።
«ቀዩስ የታል?»
«ቀይ ምን ያደርግልዎታል?»

«አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ሁለት የቀለም ቀንድ
መሬት ላይ ይተክላሉ፤ ጥቁር በአንደኛው፣ ቀይ በአንድ።
ሌላውን ሁሉ በጥቁር፤ የቅዱስ ስም ሲደርሱ
ብዕር ይቀየራል፤ ፋታ ነው ለነፍሱ።
እኔ ልጅ ሆኜ፣ አጠገባቸው፣ ማንበብ ሳልችል፣
በቀለሙ ብቻ፣ ስሙ የት እንዳለ አውቅ ነበር።»

እኔ የማውቀው ቀይ ሌላ ነው፤ የሒሳብ አስተማሪ
ደብተሬ ላይ የሚያሰምረው፣ የስሕተቴ መስካሪ፤
ስክሪን ላይም ያው ቀይ፣ ፕሮግራሙ ሲሰበር፣
«እዚህ ጋ ወደቅህ» ብሎ የሚናገር።

ከታች ትራም አለፈ። ማሪት፣ የቤቱ ሠራተኛ፣
ሰዓቷን በጣቷ መታ መታ አደረገች ወደኛ።
አሥር ደቂቃ።
እሾህ አጥሩ ውስጥ ገባሁ፤ አንዲት መስመር ጨመርሁ።
ስድስተኛ ቁልፍ በቀለ። ቀይ ብቻ።

አቶ ሽብሩ በአንድ ጣት፣ በየቃሉ መሐል ሁለት ነጥብ እየጣሉ፣
ጻፉ፤ ስሙ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ፣
ቁልፏን ተጫኑ፦ ልሳኑ ወንድአፍራሽ።
ቀይ። የቀረው ጥቁር። ማንም አልተነፈሰም።

ማታ፣ ትራም ውስጥ፣ ስልኬ ጮኸ። ገጹ ወጥቷል።
ወይዘሮ ይርገዱ አሻሽለውታል፦
የቀብሩ ሰዓት ቀይ፣ የትራሙ ቁጥር ቀይ፣
«ጃንጥላ አትርሱ» ቀይ፣ ከታች ጀምሮ እስከ ላይ።
ቀስቷን ልነካ ጣቴን ዘርግቼ፣ ተውሁት።
ሰዓቱ ልክ ነው። አድራሻው ልክ ነው።
ስሙን ግን ፈልጌ ነው ያገኘሁት፣
እያነበብሁ።