ነጠላ ጫማ

ዘሩ በፖስታ መጣ፣ ከጣቴ ባነሰ ብልቃጥ፣
ቡናማ ብናኝ፣ ሱረት፣ ለዓይን እንኳ የማይጨበጥ።
«እንዳታነጥሺ!» አለኝ አስላክ፣ ትንፋሹን ውጦ፣
በተሽከርካሪ ወንበሩ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ።
ግራ እግሩን ስኳር ከወሰደው ሦስት ዓመት ሞልቶታል፤
ቀኙን እኔ ነኝ የማጥበው፣ ሰኞና ዓርብ፣ ተልኬ ከሆስፒታል።

«በደቡብ ጫፍ ነው አገሩ፣ ነፋስ ድንጋይ የሚልስበት፣
ከተራራው ደረት ላይ፣ ዛፍ ቆሞ የማያድርበት።
አፈር እንዳታለብሺው፣ ብርሃን ካላየ አይነቃም፤
ጠጠር ስጪው በባልዲ፣ አንድ እፍኝ ለሱ አይበቃም።»

ከሐዲዱ ዳር ለቀምኩ፣ አጠብኩ፣ በወንፊት ነፋሁ፣
ብናኙን ከታጠፈ ወረቀት እያንኳኳሁ ረጨሁ።
ፕሪንስ ሩፐርት ዘነበች። ሌላ ምን ሥራ አላት?

ሐምሌም እዚህ ሹራብ ነው፤ ጉሙ ከወደቡ ወጥቶ
መስኮት ለመስኮት ይዞራል፣
እንደ እንግዳ አድራሻ ረስቶ።
ጎረቤት ቲማቲም ተክሎ፣ አንድም ሳይቀላ ሲያማርር፣
የእኛው በዚሁ ብርድ ይፋፋል፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር።

አርባ በቀለ። ቀንድ አውጣ ገባበትና ስድስት ቀረ።
በሁለተኛው ዓመት፣ ሰኔ፣ አንደኛው አፉን ከፍቶ አደረ፦
ቢጫ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ጉሮሮው የዝገት ነጥብ ያለበት፣
ከንፈሩ ላይ ነጭ ድርብ፣ ሊጥ የተለሰነበት፣
የአሻንጉሊት ጫማ፤
እሱም የአንድ እግር ብቻ።

«በእኛ ቋንቋ» አልኩት፣ «እንዲህ ያለው ጫማ፣
ጥንድ ሆኖ ሲሸጥም ነጠላ ይባላል።»
ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ። ባዶውን የሱሪ እግር መታ፣
«በልኬ ነው የተሰፋው!» አለ፣ ሳሉ ጋብ ሲልለት ለአፍታ።

ሲነጋ አንዲት ድንቢጥ መጥታ ነጩን ሊጥ ቦጨቀች።
ላባርራት ስነሣ ክንዴን ያዘ። «ተያት፣ ትብላ፣
ደሞዟ ነው።»
ግንባሯ ቢጫ ዱቄት እንደተቀባ
ወደ ሁለተኛው አበባ አለፈች።
ሽማግሌ ደረሰ፣ አልኩ በሆዴ።

ነሐሴ ላይ ፍሬው ደርቆ ተሰነጠቀ፣ ሱረቱን አወጣ።
አስላክ ብልቃጡን ይዟል። እኔ ትንፋሼን ውጫለሁ።
የሱ እጅ ይንቀጠቀጣል፣
እኔን አፍንጫዬን
ያሳክከኛል፣

ግማሹ ዘር አጥር ዘሎ ሄደ።

«ይማርሽ» አለኝ፣ ካስተማርኩት ሦስት ቃል አንዱን።
ከዚያ አንገቱን አስግጎ፣ ወደ አጥሩ ማዶ እያየ፦
«እዚያስ ጠጠር አለ?»