አየር ባየር

ሐሙስ ጠዋት ነበር፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፤
ኩዌት በአቧራ ታፍና፣ ባሕሩ መስሎ ቡላ፤
ሹዌይክ ወደብ ላይ ክሬኖቹ ሁሉ
ዕቃ እንደ ጠፋው ሰው አንገት ያሰግጋሉ።

«የምክር ቤቱ ሰዎች ይመጣሉ» ተብሎ
አለቃዬ ሌሊት ደወለ ተቻኩሎ፦
«ትርንጎ፣ ወለሉ እንደ መስተዋት ይብራ፤
መስኮት ላይ እንዳላይ አንድ ቅንጣት አቧራ።»
አቧራ ሊለካ የቆመው መሥሪያ ቤት
አቧራውን ፈርቶ እንቅልፍ አጣ ሌሊት።

አምስት እንደራሴዎች፣ ነጭ በነጭ ድሽዳሻ፤
አንዲት ሴት ኦዲተር፣ ጭኗ ላይ ማስታወሻ፤
ገኒማ ነው ስሟ። ውሃ ስቀዳላት
«ማን ልበልሽ?» አለች። ነገርኳት።
ተሳስታ ደገመችው፤ አረምኳት።
እዚህ ሕንፃ ውስጥ አራት ዓመት ስሠራ
ስሜን አጣርታ የጠራች እሷ ብቻ ናት።

ዳይሬክተሩ ቆመ። ግድግዳው በራ።
አረንጓዴ መስመር ሽቅብ ተንጠራራ።
«ከበጀቱ» አለ፣ «ዘጠና አራት በመቶው ሥራ ላይ ውሏል፤
አሥራ ሁለት የአየር መለኪያ ጣቢያ ተተክሏል፤
ከጀህራ እስከ አሕመዲ ሕዝቡ ሲተነፍስ
ማሽኑ ይመዘግባል እያንዳንዱን እስትንፋስ።»

ሙትለቅ የሚባለው፣ ወፈር ያለው፣ ሳለ።
ውሃ ጠጣ። ደግሞ ሳለ። ቀስ ብሎ እንዲህ አለ፦
«ቤቴ ጀህራ ነው። ልጄ ሌሊት ሌሊት ያፏጫል ደረቱ፤
ይህ ማሽን የት ጋ ነው? ሰፈሩ፣ መንገዱ፣ ቤቱ?»
«ርክክቡ አልቋል። ደረሰኙም አለ።»
«ደረሰኝ አልጠየቅኩም። የት ጋ ተተከለ?»

ወረቀት ተገለጠ።
ሌላ ወረቀት ተገለጠ።

አሥራ ሁለት።
ያችን ቁጥር እኔ በእጄ ነው የማውቃት።
ምድር ቤት፣ መጋዘን፣ ከቧንቧው አጠገብ፣
መወልወያዬን የማሰጣባቸው ካርቶኖች
አሥራ ሁለት ናቸው። ሁለት በጋ አለፋቸው፤
ፕላስቲኩ እንኳ አልተገፈፈላቸው።
አንዱ ላይ ባልዲዬ፣ አንዱ ላይ ጫማዬ፣
አንዱ ላይ ሸፊቁል፣ የበር ጥበቃው፣
በምሳ ሰዓት ሩዝና ዓሣውን ይዘረጋል
(ያኔ ባሕሩ ዓሣ ሬሳ ሲተፋ ግን
ሩዙን ብቻውን በላው፤ ዓሣ አልነካም)።

በእኛ አገር፣ ዕቃው ሳይታይ፣ ሳይዳሰስ፣
በወሬ ተሸጦ ትርፉ ኪስ ሲደርስ
«አየር ባየር» ይሉታል። ሳቅ አፈነኝ፤
በብርጭቆው ትሪ ፊቴን ጋረድኩ።
እንዲህ ያለ አየር ባየር ግን ሰምቼም አላውቅ፦
የአየር መለኪያውን ራሱን አየር ላይ ማስቀረት፤
የልጅ ሳንባ የሚስበውን በማኅተም ማጣራት።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላሉ የእኛ ሰዎች።
አቧራ ግን ይገባል።
ውሌ በጥር ያልቃል፤ መታወቂያዬም በጥር፤
የማሳድሰው እሱ ነው፣ ያው ፈራሚው፣
ያው አረንጓዴ መስመር የሚያሳየው።
ማን ይሰማኛል? ምንስ ብዬ? በየትኛው ወንበር?

ለዕረፍት ተነሡ። ገኒማ ጠጋ ብላ
«መታጠቢያ ቤቱ ወዴት ነው?» አለችኝ።
እዚያው ፎቅ ላይ ነበር፣ ከአሳንሰሩ ጎን፤
በሩም ክፍት፣ ሳሙናውም አዲስ፣
እኔው ራሴ ነኝ ጠዋት ያስቀመጥኩት።

«ምድር ቤት» አልኳት።

ቀደም ብዬ ወረድኩ። ኮቴዋ ተከተለኝ።
የመጋዘኑን በር ባልዲ ላወጣ ከፍቼ
ባልዲውን ሳላወጣ ቆየሁ።

መነጽሯን አወረደች። አንዱን ካርቶን አነበበች።
ሁለተኛውን። የመለያ ቁጥሩን ከማስታወሻዋ ጋር
አስተያየች። መወልወያዬን በጥንቃቄ አነሣች፤
ከዚያም ጣቷን ካርቶኑ ላይ ሰድዳ
ረጅም መስመር አሰመረች።
ያ መስመር ሽቅብ አልወጣም።

በዚያ በጀት ዓመት፣ በዚያ መሥሪያ ቤት፣
በእርግጥ የተለካው የመጀመሪያው አቧራ
የጣቷ ጫፍ ላይ ነበር።

ሶፍት አቀበልኳት። አልተቀበለችኝም።
መታጠቢያ ቤቱን ሁለተኛ አልጠየቀችም፤
ጣቷን ቀስራ፣ እጇን ሳትታጠብ
ደረጃውን ወጣች።