«ሙያ» የምትል ሣጥን

መስኮት ቁጥር ሰባት። ማናማ። በሰኔ።
ሙቀቱ ደጅ ቀርቷል፤ ላቡ ግን ከኔ።
ጸሐፊው ወጣት ነው፤ ቅጼን ገለጥ አርጎ
አንዲቷን ሣጥን ነካት፣ ብዕሩን አስጠግቶ፦
«ሙያ።»
ከጥፍሬ አትሰፋም። አንድ ቃል ነው አቅሟ።
«እኅቴ፣ ይህች ቀረች።»

እኛ አገር ሙያ በልብ ነው ይባላል፤
እዚህ ግን በቀለም፣ በማኅተም ይጠየቃል።
እና ምን ልጻፍባት?

እሑድ ኡስታዛ ነኝ። ሪፋ፣ ትልቅ ቤት፣
ዩሱፍ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ክፍልፋይ አስፈርቶት
ጠረጴዛ ሥር ገብቷል። እኔም ገባሁ ከሥር፤
ተምሯን ለሦስት ከፍለን፣ ፍሬዋ ተርፋ ስትቀር፣
«ይቺማ ቀሪ ናት!» አለ።
ተፈታ የታሰረው ቁጥር።

ረቡዕ ሙሐረቅ፣ ኸይሩ ካርጎ ቤት።
ሻንጣና ካርቶን መሀል ደብተሩን ስገልጥ
ግማሹ ዱቤ ነው፣ ግማሹ ይሉኝታ፦
የአክስት ልጅ፣ የሰፈር ልጅ፣ የሟች ጓደኛ ልጅ፣
ሁሉም «በኋላ» ብሎ የላከው ዕቃ።
«ይሉኝታን በየትኛው ዓምድ ላስገባው?» አለኝ።
«ኪሳራ ውስጥ» አልኩት፤
ወዲያው የራሴ ደብተር ትዝ አለኝና ዝም።

ዓርብ ጉዳይቢያ፣ ከልብስ ሰፊው በላይ፣
ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ካርቶን ሶፍት፣
ከታች የስፌት መኪና ሲሮጥ ይሰማል።
ትርንጎ ትመጣለች። የወር አንድ ዕረፍቷን ይዛ፣
ስልኳን በፊቱ ደፍታ።
ሃያ ደቂቃ ዝም ትላለች፤ እኔም ዝም እላለሁ።
ለዝምታ ሒሳብ መቀበል በፊት ያሳፍረኝ ነበር፤
ዛሬ አላፍርም፤ ከዚያ የከበደ አልተሸከምኩም።
ከዚያ ወደ ግድግዳው፦
«ብሩ ደርሷል ይላሉ።
እኔ የት እንደደረስኩ የሚጠይቅ የለም።»

ረቡዕም አማካሪ፣ ዓርብም አማካሪ፤ ቃሉ አንድ ነው።
የረቡዑ መሳቢያ ይከፍታል፤
የዓርቡ፣ መክፈቻው በራሷ እጅ እስኪገኝ ይጠብቃል።

ድሮ አንድ ቃል ነበረኝ። «መምህርት»። ዐሥራ አንድ ዓመት።
አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይላሉ፤
አንድ ደመወዝ ያለውም በአፉ አይጫወትም፤
ማንም አልነገረኝ።
ስብሰባ ላይ ስለ ጽዳት ሠራተኞቹ ሰዓት አንድ ነገር ተናገርኩ፤
በወሩ ፖስታ መጣ። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ነጭ ፖስታ።

ከዚያ ወዲህ ዓይኖቼ በዝተዋል።
አንዱ ሲጨፈን አንዱ ያያል።
አልዋሽም፣ ሁሉም የሚጨፈኑበት ወቅት አለ፤
ሐምሌና ነሐሴ ልጆቹ በአውሮፕላን ሲበሩ
ኪሴም አብሯቸው ይበራል፤
ምስር እየቆጠርኩ እቀቅላለሁ፣
አከራዬን ደረጃ ላይ እንዳላገኘው በአሳንሰር እወርዳለሁ፣
በአሳንሰር ውስጥ አገኘዋለሁ።

ይህን ሁሉ ለጸሐፊው አልነገርኩትም።
«ብዙ ነው» አልኩት ብቻ።

ማሳያውን ወደ እኔ አዞረ። የሙያ ዝርዝር፤
በጣቱ እየገፋ ወረደ፣ ወረደ፣
ከአናጢ እስከ ዋናተኛ አሠልጣኝ፣
ከሥሩ፣ ከሁሉ በታች፣ ለብቻዋ የቆመች ቃል፦
«ሌላ።»
ተያየን። ነካት። ማኅተሙ ወረደ።

ወረቀቴን አጥፌ ልነሣ ስል
በመስታወቱ ቀዳዳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«እኅቴ አለች… ከወለደች ወዲህ አትተኛም።
ሕፃኑ ሲተኛም አትተኛም።
እንዲህ ያለውንም… ታያለሽ?»

«ሐሙስ፣ ከመግሪብ በኋላ» አልኩት።
ዋጋዬንም ነገርኩት፣ ሳልቀንስ።
ይሉኝታ እስከ ጉሮሮዬ መጣ፤
ትንሽ ቆመ፤
ተመለሰ።