ገመድ ያዥ

እኔ ይመር አሊ፣ የሜዳው አጣቢ፣
ዳኛም አልነበርኩ፣ የወሬ ዘጋቢ፤
የመርዙቅን ታሪክ የማነበው እኔ
ከማልያው እድፍ ነው፣ አቅርቤ ለዓይኔ።

ሙሐረቅ ነው ቦታው፤ አውሮፕላን ሲያርፍ
የክፍሌ ቆርቆሮ በድምፁ ሲገረፍ፣
ሦስት ማሽን አለኝ፣ አንዱ ሁሌ ታማሚ፣
መስኮቴም ባሕር ነው፣ ጨው ለብሶ ከራሚ።

ያኔ ስድስት ቁጥር፣ ቀጭን እንደ ሸምበቆ፣
ሲገባ አየው ነበር በላብ ተጨማልቆ፤
የሣሩን አረንጓዴ በሎሚ አስለቅቄ፣
ደሙን በብርድ ውሃ፣ በጨው አሽቼ አድርቄ፣
ጠረኑን ለየሁት፤ ላቡ ባሕር ባሕር ይላል፤
አያቱ ጠላቂ ነው፣ ዕንቁ ለቃሚ፣ ይባላል።

"ያ ዑመር!" ይለኛል፣ ይመር ማለት አቅቶት፤
እኔም አላረምኩት፤ ሸሚዝ አይደል፣ ምን አለበት።

ከዚያ ያች ሌሊት መጣች። ፍጹም ቅጣት ምት።
ሮጠ። መታ።
ኳሷ ወደ ሰማይ፣ ካግዳሚው በላይ፤
ዛሬም ድረስ አለ፣ አልወረደችም ባይ።
የዚያን ለት ማልያ አንድም እድፍ የለው፤
አንገትጌው ላይ ብቻ ጥርስ ያረፈበት ነው።
አጠብኩት። ተኮስኩት።
ጥርሱ እዚያው ነበረ።

ጉልበቱ ከዳው፣ በቢላ ተቀዶ፤
ሁለት ዓመት ቆየ ዓሣ መሸጥ ለምዶ።
ቀጥሎ ሕፃናት፣ ቀጥሎ ሁለተኛ ዲቪዚዮን፤
ከውጭ የመጣው ሰው፣ ደሞዙ ሚሊዮን፣
ሻንጣውን ጠቅልሎ ሌሊቱን ሲበር
ለብሔራዊ ቡድኑ "እስኪ ለጊዜው" ብለው ሰጡት ወንበር።
ያ "ለጊዜው" ታዲያ ስድስት ዓመት ኖረ።

አሁን እድፉ ሌላ፤ ጭቃ የለ፣ ሣር የለ፤
የሰሌዳ ቀለም እጅጌው ላይ አለ፤
ቀስቱንም ክቡንም በክንዱ ሲያጠፋ
ቱታው ሰማያዊ ሆነ፣ እድፉ እየሰፋ።
ብብቱን ሳይ ደግሞ ላቡ ግን ጨምሯል፤
ከሮጠ ሰው ይልቅ የቆመ ያልበዋል።

አንድ ቀን ልብሱን ሳስረክብ ጠየቅሁት፦
ካፒቴን፣ የቱ ይከብዳል፣ መጫወት ወይስ ማሰልጠን?
ቆየ። ወደ መስኮቴ አየ።
"አያቴ ጠላቂ ነበር፤ ወንድሙ ገመድ ያዥ።
ጠላቂው ድንጋይ እግሩ ላይ አስሮ ይወርዳል፣
ትንፋሹን ይቆጥራል።
ወንድሙ ጀልባው ላይ፣ ፀሐይ አናቱ ላይ፣
አየር ሞልቶለት ሳለ
እሱም ትንፋሹን ይይዛል።
ጠላቂው የሚፈራው ባሕሩን ነው፣ ያ ዑመር፤
ገመድ ያዡ ግን የገዛ እጁን።"
ቱታውን ተቀብሎ ሄደ። ደረሰኝ አልፈረመም።

የማጣሪያው ለት እኔ ከማሽኖቼ ጋር ነበርኩ።
ዘጠናው ደቂቃ አለቀ፤ ፉጨት ሰማሁ፤
ዱዓይጅ የሚሉት ልጅ፣ ገና ጢሙ ያልጠና፣
ስድስት ቁጥር ለብሶ፣ ነጩ ነጥብ ላይ ቀና።
ከዚያ ጩኸት ሆነ። በዚያው አውሮፕላን አለፈ።
የደስታ ይሁን የኀዘን
በቆርቆሮ ሥር ላለ ሰው ጩኸት አንድ ነው።

ውጤቱን ጋዜጣ ጽፎታል፤ እሱን ጠይቅ።
እኔ የማውቀው ማታ ቅርጫቱ ሲመጣ
የልጁን አንገትጌ ገልብጬ አየሁት፤ ንጹሕ ነው።
የሰውየውን ቱታ ዘረጋሁት፤
ቀኝ እጅጌው ጫፍ ላይ፣ ከሰማያዊው ቀለም ሥር፣
ጥርስ።

ማሽኑን አጠፋሁ።
በእጄ አጠብኩት።